ዝሆንን መቁጠርና ዝሆንን ማወቅ

መግቢያ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2003 በሰሜን ኬንያ በሚገኘው የሳምቡሩ ጥብቅ ሥፍራ ተመራማሪዎች ኤሌኖር የሚል መጠሪያ የሰጧት ዝሆን ያበጠ ኩምቢዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ታየች። ጥቂት እንደ ተራመደችም ወደቀች። ኤሌኖር የአንድ ቤተሰብ መሪ ነበረች። ደቂቃዎች ሳይቆዩ የሌላ ቤተሰብ መሪ የሆነችው ግሬስ በፍጥነት ደርሳ በኩምቢዋና በእግሯ ዳሰሰቻት፤ በጥርሶቿ ደግፋም ከወደቀችበት አነሣቻት። ልታራምዳት ብትገፋት ግን የኤሌኖር ጉልበት አልጸናምና ዳግመኛ ወደቀች። ግሬስ እየመሸ ሳለ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል ከአጠገቧ አልተለየችም። ኤሌኖር በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተች። በተከታዮቹ ቀናት የሥጋ ዝምድና የሌላቸውን ጨምሮ የበርካታ ቤተሰብ ዝሆኖች ወደ ሬሳዋ እየመጡ ሲያሸቱ፣ ሲነኩና ቆመው ሲቆዩ ኢየን ዳግላስ ሃሚልተንና ባልደረቦቻቸው መዝግበው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል።

ይህን ዘገባ የሚያነብ ሰው ከሁለት አንዱን ለማለት ይቸኩላል። አንዱ «ዝሆን እንደ ሰው ያዝናል» ብሎ ይደመድማል፤ ሌላው «ይህ ተረት እንጂ ሳይንስ አይደለም» ብሎ ያልፋል። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ግን ላለፉት አምሳ ዓመታት በትዕግሥት የተጠራቀመ ማስረጃ አለ። ማስረጃው ዝሆን በልቡ ምን እንደሚሰማው ሙሉ በሙሉ ባይነግርም፣ ስለ ዝሆን እውቀትና ስለ ቤተሰባዊ ትስስሩ የሚያሳየው ነገር የጥበቃ ሥራን አካሄድ ለመለወጥ በቂ ነው።

የጥበቃ ሥራ እስካሁን በአመዛኙ የሚናገረው በቁጥር ቋንቋ ነው። ስንት ዝሆን አለ? ስንት ሞተ? ስንት ተወለደ? እነዚህ አስፈላጊ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ቁጥር ሁሉንም ዝሆን አንድ አድርጎ ያያል፤ የ55 ዓመት መሪ እናትና የ5 ዓመት ግልገል በመዝገቡ ላይ እኩል «አንድ» ናቸው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይህ ነው፤ ዝሆንን መቁጠር ዝሆንን ማወቅን አይተካም። ይህን ልዩነት ችላ ያለ ጥበቃ ቁጥሩን ጠብቆ ዝሆኖቹን ሊያጣ ይችላል።

አንጎል፣ ድምፅና ትውስታ

የአፍሪካ ዝሆን አንጎል ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በየብስ ከሚኖሩ እንስሳት ሁሉ አንጎል ትልቁ ነው። ክብደት ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ሱዛና ኸርኩላኖ ሃውዘልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት በአንድ የአፍሪካ ዝሆን አንጎል ውስጥ 257 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ቆጥረዋል፤ ይህም የሰውን ሦስት እጥፍ ነው። ሆኖም ከእነዚህ ሕዋሳት 97.5 በመቶ የሚሆኑት የሰውነትን እንቅስቃሴ በሚያስተባብረው በሴሬቤለም ውስጥ ተገኙ። ከማሰብና ከማመዛዘን ጋር በተያያዘው የአንጎል ቅርፊት ውስጥ ያሉት 5.6 ቢሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ የሰው ግን ወደ 16 ቢሊዮን ይደርሳል። ስለዚህ የዝሆንን ብልህነት ከአንጎሉ ግዝፈት መገመት አያዋጣም። ማስረጃው ከአኗኗሩና ከሚያደርገው ነገር መፈለግ አለበት።

በዚህ ረገድ መንገድ ከከፈቱት ግኝቶች አንዱ ስለ ዝሆን ድምፅ የተደረሰበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኬቲ ፔይን በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ከዝሆኖች አጠገብ ሳሉ በጆሮ የማይሰማ፣ ነገር ግን በሰውነት የሚታወቅ የአየር መርገብገብ ተሰማቸው። በኋላ በተደረገ ቀረጻ ዝሆኖች ከሰው የመስማት አቅም በታች በሆነ ወፍራም ድምፅ እንደሚነጋገሩ ተረጋገጠ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1986 ታተመ። እንዲህ ያለው ድምፅ በሣር ምድር ላይ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ይደርሳል። ለተመልካች ተበታትኖ የሚግጥ የሚመስለው መንጋ እርስ በርሱ ሲነጋገር የሚውል ማኅበረሰብ መሆኑ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በሲንቲያ ሞስ መሥራችነት በኬንያ አምቦሴሊ የተካሄደው ጥናት ደግሞ እያንዳንዷን ዝሆን በጆሮዋ ቅድና በጥርሷ ቅርጽ ለይቶ፣ የትውልድ ሐረጓን እየመዘገበ የቆየ በመሆኑ ለሌሎች ጥናቶች መሠረት ሆኗል። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ካረን ማኮምብና ባልደረቦቻቸው የተቀዳ የዝሆን ጥሪ በድምፅ ማጉያ እያሰሙ ባደረጉት ሙከራ፣ አንዲት እንስት ዝሆን 100 ያህል ሌሎች ዝሆኖችን በድምፃቸው ብቻ እንደምትለይ እ.ኤ.አ. በ2000 አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ማይክል ፓርዶና ባልደረቦቻቸው ከአምቦሴሊና ከሳምቡሩ የተሰበሰቡ 469 ጥሪዎችን በኮምፒዩተር ሥልት መርምረው፣ ጥሪው ለየትኛዋ ዝሆን እንደ ተላከ በ27.5 በመቶው በትክክል መለየት ችለዋል፤ ይህም በዕድል ሊገኝ ከሚችለው በብዙ የላቀ ነው። ለ17 ዝሆኖች ጥሪዎቹ መልሰው ሲሰሙም፣ ለራሳቸው ተልኮ ለነበረው ጥሪ የሰጡት ምላሽ ለሌሎች ከተላከው ይልቅ ፈጣንና ጠንካራ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን «ስም መሰል ጥሪ» ብለውታል። ቃሉ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው፤ ስም ስለ መሆኑ ገና ብዙ ማጣራት ይቀራል፤ ነገር ግን አንዷ ሌላዋን ለይታ እንደምትጠራ የሚያመለክት ጠንካራ ፍንጭ ነው።

ዝሆኖች ሰዎችንም ይለያሉ። በአምቦሴሊ አካባቢ የማሳይ ወጣቶች አልፎ አልፎ ዝሆን በጦር ይወጋሉ፤ ገበሬ የሆኑት ካምባዎች ግን ለዝሆን ያን ያህል አያሰጉም። ሉሲ ቤትስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት ዝሆኖቹ የማሳይ ሰው ለብሶት የነበረን ልብስ ሲያሸቱ፣ የካምባ ሰው የለበሰውን ካሸቱበት ጊዜ ይበልጥ ሸሽተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ሌላ ጥናት የሁለቱ ሕዝቦች ሰዎች አንድ ዓይነት ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር በየቋንቋቸው ሲናገሩ ተቀድቶ ተሰማላቸው። ዝሆኖቹ የበለጠ የተጠነቀቁት ከማሳይ ወንዶች ድምፅ ነበር፤ የማሳይ ሴቶችና ሕፃናት ድምፅ ግን ያን ያህል አላስደነገጣቸውም። ይህ በጭፍን ሰውን መፍራት አይደለም። ቋንቋን፣ ፆታንና ዕድሜን አመዛዝኖ አደጋን መመዘን ነው።

በማቆያ ስፍራዎች የተደረጉ ሙከራዎችም ለዚህ ሥዕል የበኩላቸውን ጨምረዋል። በኒው ዮርክ ሃፒ የተባለች የእስያ ዝሆን ግንባሯ ላይ የተቀባውን ምልክት በመስታወት አይታ በኩምቢዋ ደጋግማ ነክታለች፤ አብረዋት የተሞከሩት ሁለቱ ግን ይህን አላደረጉም። በዋሽንግተን ካንዱላ የተባለ የ7 ዓመት ወንድ ዝሆን ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ምግብ ላይ ለመድረስ ማንም ሳያስተምረው የሚቆምበትን ሣጥን እየገፋ አምጥቷል። በታይላንድ ሁለት ሁለት ሆነው ገመድ እንዲስቡ የተደረጉ ዝሆኖች፣ አንዱ ብቻውን ቢስብ ዋጋ እንደሌለው ተረድተው ባልንጀራቸው እስኪመጣ ጠብቀዋል። እነዚህ ውጤቶች የሚናቁ አይደሉም፤ ሆኖም ሁሉም የሚጠይቁት አንድን እንስሳ ወይም ጥንድን ነው። የዝሆን አእምሮ ትልቁ ክፍል የሚገለጠው ግን በትውልዶች መካከል ባለው ግንኙነት ነው።

የሐዘን ጥያቄ

ወደዚያ ከመሻገር በፊት የስሜትን ጉዳይ በአግባቡ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ማኮምብ፣ ቤከርና ሞስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ለዝሆኖች የዝሆን፣ የጎሽና የአውራሪስ ራስ ቅሎችን፣ እንዲሁም የዝሆን ጥርስና እንጨት አቅርበውላቸዋል። ዝሆኖቹ ለዝሆን ጥርስና ለዝሆን ራስ ቅል ከሌላው ሁሉ የላቀ ትኩረት ሰጡ። ይሁን እንጂ የራሳቸው ቤተሰብ መሪ የነበረችውን ራስ ቅል ከሌሎች ለይተው አልመረጡም። ስለዚህ ዝሆኖች የዘመዶቻቸውን አጥንት ፍለጋ መቃብር ይጎበኛሉ የሚለው የቆየ ወሬ በዚህ ሙከራ አልተደገፈም። ለሞተ ዝሆን ያላቸው ትኩረት ግን ተረት አይደለም።

ሕያዋንን በተመለከተ ማስረጃው ይበልጥ ግልጽ ነው። ጆሹዋ ፕሎትኒክና ፍራንስ ደ ቫል በታይላንድ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ አንዲት ዝሆን ስትደነግጥ በአቅራቢያዋ ያሉት ወደ እሷ ሄደው በኩምቢያቸው ፊቷንና አፏን እንደሚነኩ፣ ድምፅም እንደሚያሰሙ መዝግበዋል። ይህ የሚሆነው ከድንጋጤው በኋላ ባሉት ደቂቃዎች እንጂ በማናቸውም ጊዜ አለመሆኑም በንጽጽር ታይቷል። ባልንጀራን ማጽናናት የሚለውን ቃል እዚህ ላይ መጠቀም ማጋነን አይሆንም።

የሰውን ባሕርይ ለእንስሳ ማላበስ ስሕተት እንደ ሆነ ለማንኛውም የሥነ ሕይወት ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት ይነገረዋል። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው። ነገር ግን በተቃራኒው በኩልም ስሕተት አለ፤ እንስሳው ከሰው ጋር የሚጋራው ምንም ነገር የለም ብሎ አስቀድሞ መደምደም። ደ ቫል ይህን ክሕደት ከመጀመሪያው ስሕተት ጋር እኩል አደገኛ አድርገው ይቆጥሩታል። እስከ 22 ወር አርግዛ አንድ ግልገል የምትወልድ፣ ለዓመታት የምታጠባ፣ ከእናቷና ከእኅቶቿ ሳትለይ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የምትኖር ፍጡር ጥልቅ ትስስር ባይኖራት ነበር የሚያስገርመው። ሐዘኗ ከሰው ሐዘን ጋር አንድ ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም፤ መለያየት አይጎዳትም ለማለት የሚያበቃ ግን ከቶ የለም። ቀጥሎ እንደሚታየው ጉዳቱ በትውልድ የሚለካ ነው።

መሪ እናት፣ የመንጋው ማኅደር

የዝሆን ቤተሰብ እናቶች፣ እኅቶች፣ ሴቶች ልጆችና ግልገሎች የሚገኙበት ሲሆን፣ መሪዋ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የምትበልጠው እንስት ናት። ወንዶቹ ለአቅመ አዳም ሲቃረቡ ከቤተሰቡ ይለያሉ። የመሪዋ ሚና ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ማኮምብና ባልደረቦቻቸው ለአምቦሴሊ ቤተሰቦች የሚያውቋቸውንና የማያውቋቸውን ዝሆኖች ጥሪ አሰምተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ በዕድሜ የገፋች መሪ ያላቸው ቤተሰቦች ወዳጅን ከእንግዳ በተሻለ ይለያሉ፤ እንግዳ ሲሰሙ ይሰባሰባሉ፤ የሚያውቁትን ሲሰሙ ያለ ስጋት ግጦሻቸውን ይቀጥላሉ። ወጣት መሪ ያላቸው ግን ያለ ምክንያት ይሸበራሉ ወይም ሊጠነቀቁ በሚገባቸው ጊዜ ይዘናጋሉ። ልዩነቱ በዚህ አያበቃም፤ በአሮጊት መሪ ሥር ያሉ እናቶች በአማካይ የበለጠ ወልደዋል። እውቀት በቀጥታ ወደ ልጅ ቁጥር ተለውጧል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ተከታይ ጥናት የአንበሳ ግሣት ተሰምቶላቸዋል። ሁሉም ቤተሰቦች ከአንድ አንበሳ ይልቅ ለሦስት አንበሶች ግሣት ይበልጥ ተጠንቅቀዋል። የወንድን አንበሳ ግሣት ከሴቷ በመለየት ረገድ ግን ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት መሪዎች ከሁሉም የላቁ ሆነው ተገኝተዋል። ወንድ አንበሳ ብቻውንም ቢሆን ግልገል ዝሆን መጣል ስለሚችል፣ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከታንዛኒያ ታራንጊሬ የተገኘው ማስረጃ ደግሞ ነገሩን ከድርቅ ጋር ያገናኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 በደረሰው ከባድ ድርቅ በዘጠኝ ወር ውስጥ ክትትል ከሚደረግባቸው 81 ግልገሎች 16ቱ ሞቱ፤ በደህናው ዘመን የሞት መጠኑ 2 በመቶ ገደማ ሲሆን በዚያ ወቅት ወደ 20 በመቶ አሻቀበ። ፓርኩን ለቀው ውኃና ግጦሽ ወዳለበት የሄዱት ቤተሰቦች ግልገሎቻቸውን በተሻለ አተረፉ። ቻርልስ ፎሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 እንደ ጻፉት፣ ለዚህ ሊሆን ከሚችለው ምክንያት አንዱ የእነዚህ ቤተሰቦች መሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1961 የነበረውን ድርቅ በልጅነታቸው ያሳለፉ መሆናቸው ነው። ይህ መላ ምት እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፤ ከላይ ከተጠቀሱት ሙከራዎች ጋር ሲነጻጸር ግን ሚዛን የሚደፋ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያላስፈለገ የውኃ መንገድ ትዝታ አንድ ክፉ ቀን ሲመጣ የመንጋው መድኅን ይሆናል።

የአዳኝ ዓይን የሚያርፈውም በእነዚሁ ላይ ነው። የዝሆን ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ፣ ለጥርሷ የምትፈለገው አሮጊቷ ናት። ሕገ ወጥ አደን በቁጥር ረገድ ጥቂት ዝሆኖችን ቢገድልም፣ በእውቀት ረገድ ግን አስቀድሞ የሚያጠፋው ማኅደሩን ነው።

ቤተሰብ ሲፈርስ

ይህ ማኅደር ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ደቡብ አፍሪካ ሳታስበው የረጅም ጊዜ ሙከራ አካሂዳለች። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1994 ድረስ በክሩገር ብሔራዊ ፓርክ የዝሆኖችን ቁጥር ለመገደብ በሚል በየዓመቱ ሙሉ ቤተሰቦች ይገደሉ ነበር። ከግድያው የተረፉ ግልገሎች ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተወስደው ተለቀቁ፤ ፒላንስበርግ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከቁጥር አንጻር ሥራው የተሳካ ይመስል ነበር። አዲስ ስፍራ ዝሆን አገኘ፤ ግልገሎቹም አደጉ።

እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት ግን ከ40 በላይ ነጭ አውራሪሶች በፒላንስበርግ ተገድለው ተገኙ። ገዳዮቹ ያለ አዋቂ ያደጉ ወጣት ወንድ ዝሆኖች ነበሩ። ወንድ ዝሆንን ለጠብ የሚያነሣሣው መስት የሚባለው የሆርሞን ግለት ከተለመደው ዕድሜ ቀድሞ ጀምሯቸው፣ ለረጅም ጊዜም ይቆይባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ስድስት ትልልቅ ወንዶች ከክሩገር ተወስደው ሲጨመሩ የወጣቶቹ ግለት አጠረ፤ የአውራሪሶቹ ግድያም ቆመ። ሮብ ስሎቶውና ባልደረቦቻቸው ይህን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲያሳትሙ፣ ለእርባታ «ትርፍ» ተደርገው ይቆጠሩ የነበሩት አሮጌ ወንዶች ለማኅበረሰቡ ሥርዓት ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ አሳዩ።

የእንስቶቹ ጉዳት ድምፅ አልነበረውም፤ ቆይቶ የታወቀውም ለዚህ ነው። ግሬም ሻነን፣ ማኮምብና ባልደረቦቻቸው በአምቦሴሊ ያደረጉትን የድምፅ ሙከራ በፒላንስበርግ ደገሙት። የአምቦሴሊ ቤተሰቦች ወዳጅን ከእንግዳ፣ ታላቅን ከታናሽ ሲለዩ የፒላንስበርጎቹ ግን አልቻሉም፤ ምላሻቸው ከድምፁ ማንነት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ይህ የታየው መንጋው ከተበተነ ከአሥርታት በኋላ ነው፤ ጥናቱም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። እነዚህ ዝሆኖች በልተው ጠግበዋል፤ ተዋልደዋል፤ በቆጠራ መዝገብ ላይም ጤነኛ መንጋ ናቸው። የጎደላቸው የሚያስተምራቸው አዋቂ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ተቃራኒውንም ማንሣት ይገባል። በሳምቡሩ መሪዎቻቸው በአደን ያለቁባቸው ቤተሰቦች ሁሉ አልፈረሱም። ሺፍራ ጎልደንበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ ሴቶች ልጆች የእናቶቻቸውን ወዳጅነትና ቦታ ወርሰው ትስስሩን መልሰው ጠግነዋል። ይህ የዝሆን ማኅበረሰብ የመቋቋም አቅም እንዳለው ያሳያል። ሆኖም በዚያው ስፍራ በጄና ፓርከርና በባልደረቦቻቸው ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሥራ፣ እናታቸውን ያጡ ዝሆኖች ወተት መጥባት ካቆሙ በኋላም እንኳ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው እናት ካላቸው ያነሰ መሆኑን አረጋግጧል። ሁለቱ ውጤቶች አይጋጩም። ልጅ የእናቷን ቦታ ልትወርስ የምትችለው ከእናቷ ጋር በቂ ዘመን ከኖረችና ራሷም ከተረፈች ነው። በፒላንስበርግ የሆነው ወራሽም አውራሽም በአንድ ጊዜ መቆረጥ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ምን ማለት ነው?

በ6ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም የተላከው የቢዛንታይን መልእክተኛ ኖኖሰስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ 5 ሺህ ያህል ዝሆኖች በአንድ ስፍራ ሲግጡ ማየቱን ተርኳል። ዛሬ በኢትዮጵያ ዝሆን የሚገኘው በተበታተኑ ጥቂት ስፍራዎች ነው፤ በባቢሌ የዝሆን መጠለያ፣ በማጎና በኦሞ፣ በጨበራ ጩርጩራ፣ በጋምቤላ፣ እንዲሁም ከኤርትራ ጋር በሚዋሰነው በቃፍታ ሽራሮ። በዚህ መካከል ያለፉት ዘመናት በፉከራና በቀረርቶ ዝሆን ገዳይ የሚወደስባቸው፣ ግዳይ የጣለ ክብርና ሽልማት የሚያገኝባቸው ነበሩ። መንግሥት በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ ሲያቃጥል ያስተላለፈው መልእክት የዚያን ዘመን መዘጋት የሚያመለክት ነበር።

አደኑን መከላከል ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባቢሌ መጠለያ 7 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ኖሮት የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎችን ያካልላል። ዝሆኖቹ የኤረርና የጎበሌ ሸለቆዎችን ተከትለው እንደ ወቅቱ ይንቀሳቀሳሉ። ሰፈራ፣ እርሻ፣ ከብት ግጦሽና የማገዶ ቆረጣ በእነዚህ ሸለቆዎች ላይ ይበረታል። የመሪ እናት ትዝታ የያዘው መንገድ በአጥርና በማሳ ሲዘጋ፣ ትናንት መንጋውን ያዳነ እውቀት ዛሬ ከገበሬ ጋር ያጋጨዋል። ዝሆኗ «ሰብል ልታጠፋ መጣች» ይባላል፤ እሷ ግን እናቷ ባሳየቻት መንገድ ወደ ውኃ እየሄደች ሊሆን ይችላል።

ከሌሎች የዝሆን መንጋዎች ርቆ በሚኖር እንዲህ ባለ ትንሽ መንጋ ውስጥ የአንዲት አሮጊት ሞት በትልቅ መንጋ ውስጥ ካለው የከፋ ነው፤ እውቀቷን ከጎረቤት ቤተሰብ የሚተካ የለምና። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከጠቅላላ ቆጠራ ያለፈ ሦስት ዓይነት ሥራ ይጠብቃቸዋል። የመጀመሪያው ዝሆኖችን በግል መለየት ነው፤ የጆሮ ቅድንና የጥርስ ቅርጽን በፎቶግራፍ መዝግቦ ቤተሰብን ከቤተሰብ ማወቅ። ሁለተኛው የዕድሜ ስብጥርን ከጠቅላላ ቁጥር እኩል የሪፖርት መለኪያ ማድረግ ነው፤ ስንት ዝሆን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ እንስቶች ስንት እንደ ሆኑ መጠየቅ። ሦስተኛው የዝሆኖቹን መንገድ ከአካባቢው አዛውንትና እረኞች ጋር ሆኖ በካርታ ማስፈር ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ዝሆን በየትኛው ክረምት በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ለዚህ ሐሳብ ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። አንደኛው የወጪ ጉዳይ ነው። የአየር ላይ ቆጠራ እንኳ በጀት በሚያጣበት አገር እያንዳንዱን ዝሆን መለየት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን የአምቦሴሊ መዝገብ የተጀመረው በፎቶግራፍ ካሜራ፣ በማስታወሻ ደብተርና በትዕግሥት ነው። ሥራው የሚፈልገው ከውድ መሣሪያ ይልቅ የማያቋርጥ ክትትል ነው፤ ይህም ለድኅረ ምረቃ ጥናት ይመቻል። ለባቢሌ ቅርብ የሆኑት የሐረማያና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች አንዱ ያቆመውን ሌላው እየቀጠለ የሚያሳድጉት አንድ የጋራ መዝገብ፣ ተነጥለው ከሚሠሩ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከገበሬው ነው፤ ክብደቱም ይበልጣል። የዓመት ሰብሉ በአንድ ሌሊት የወደመበት ሰው ስለ ዝሆን ሐዘን ሲነገረው ቢቆጣ አይፈረድበትም። የእንስሳውን አእምሮ ማወቅ ግን ለገበሬውም ይጠቅማል። ሉሲ ኪንግና ባልደረቦቻቸው ዝሆኖች ንብን እንደሚፈሩ፣ የንብ ድምፅ ሲሰሙ እንደሚሸሹ፣ ለሌሎችም የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንደሚያሰሙ በኬንያ ደርሰውበታል። ከዚያ የመነጨው በእርሻ ዳር ቀፎዎችን በሽቦ አያይዞ የመስቀል ዘዴ ብዙ ዝሆኖችን ከማሳ መልሷል፤ ለገበሬውም ማር አስገኝቷል። ዘዴው ሁልጊዜና በሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ድርቅ ሲበረታ ንቡም ይሸሻል። ቢሆንም ንብ ማነብ ከጥንት ጀምሮ በታወቀባት ኢትዮጵያ ሊፈተሽ የሚገባው ነው። ዝሆን ምን እንደሚፈራና ምን እንደሚያስታውስ ማወቅ ከጥይትና ከጉድጓድ የተሻለ አጥር ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነው ታላቁ የዝሆን ቆጠራ በ18 የአፍሪካ አገሮች 352,271 የሣር ምድር ዝሆኖች እንደ ነበሩና ቁጥራቸው እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2014 በ30 በመቶ እንደ ቀነሰ አመልክቷል። ይህ ቁጥር ባይኖር ዓለም አደጋውን አያውቅም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የአፍሪካ የሣር ምድር ዝሆን በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች ተርታ የተመደበውም በእንዲህ ያሉ ማስረጃዎች ነው። ስለዚህ ቆጠራ ይቀጥል። ነገር ግን የ30 በመቶው ቅነሳ የትኞቹን እንደ ወሰደ፣ የቀሩትስ ማን እንደሚመራቸው የማይጠይቅ ጥበቃ የፒላንስበርግን ስሕተት ለመድገም የተዘጋጀ ነው።

ዝሆን ያስባል ወይ፣ ያዝናል ወይ የሚለው ክርክር ገና ብዙ ይቀጥላል፤ መቀጠሉም መልካም ነው። የጥበቃ ኃላፊዎችና ተመራማሪዎች ግን የክርክሩን ፍጻሜ መጠበቅ አያሻቸውም። ዝሆን እንደሚማር፣ የተማረውን ለአሥርታት እንደሚይዝ፣ አጠገቡ ላሉት እንደሚያወርስ፣ አውራሹ ሲገደልም ጉዳቱ ለትውልድ እንደሚተርፍ የታወቀ ነገር ነው። ኤሌኖር በሞተች ዕለት የሳምቡሩ የዝሆን ቁጥር በአንድ ቀነሰ። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ይህ ብቻ ነው፤ እየመሸ ከአጠገቧ የቆየችው ግሬስ ግን ማን እንደ ሄደ ለይታ ታውቅ ነበር።